የመተማ ታሪክና የማተሚያ ቤት ስሕተት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን ተናግረዋል። ንግግራቸውም እውነት ነው። ያልተጻፈ ነገር ከተናጋሪው ጋር ወደ መቃብር ሲወርድ የተጻፈው ግን ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። ይሁን እንጂ በጽሑፍ የሚወረሰው እውነቱ ብቻ አይደለም። በመጽሐፍ ውስጥ የገባ ስሕተትም እንደ ርስት ይወረሳል። ያውም መጽሐፉ የታወቀና የተከበረ በሆነ መጠን ስሕተቱ የበለጠ ዕድሜ ያገኛል፤ አንባቢው ስሙን አይቶ ያምነዋልና።

ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ በተከበሩ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት የኅትመት ስሕተቶች እንዴት እንደሚታወቁ፥ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች ጥቂት ለመግለጽ ተነሥቻለሁ። ምሳሌዬንም ከሩቅ አላመጣሁም። ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው በዚህ በቈላው አገራችን የተፈጸመው ታሪክ በብዙ ቋንቋ፥ በሦስት ዓይነት የዘመን አቈጣጠርና በልዩ ልዩ የቦታ ስም የተጻፈ ስለ ሆነ፥ የኅትመት ስሕተት እንዴት እንደሚወለድ ለመማር ከመተማ የሚሻል ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በዚህ አገር ሰሊጡን የሚሸጥ ገበሬ የሚዛኑን ቁጥር ሳያይ አይሄድም። እኛም የአገራችንን ታሪክ ስንቀበል ቁጥሩን ማየት ይገባናል።

በመተማ የሆነው ነገር

ስሕተቱን ለማወቅ አስቀድሞ እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ነውና ከመሠረቱ እንጀምር።

መተማ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያና የሱዳን ነጋዴዎች የሚገናኙባት ታላቅ የገበያ ከተማ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት በግብፅ መንግሥት ጦር ተይዛ ቈየች። በሱዳን መሐመድ አሕመድ የተባለው ሰው «መሐዲ ነኝ» ብሎ በግብፅ አስተዳደር ላይ ከተነሣ በኋላ ግን በየቦታው የነበረው የግብፅ ጦር ተከበበ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ውል ተዋዋሉ፤ የተከበቡት ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡም ረዱ። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያና ደርቡሾች ፊት ለፊት ተጋጠሙ።

በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው የደርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ድል አደረጉ። በዓመቱ፥ በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ጦር ይዞ ወደ ደንቢያ ወጣና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሣር ውኃ ድል አድርጎ የጎንደርን ከተማ ዘረፈ፤ አቃጠለም። ዐፄ ዮሐንስ ይህን ለመበቀል ታላቅ ሠራዊት አስከትተው ወደ መተማ ዘመቱ። አቡ አንጃ ከጦርነቱ በፊት በጥር 1881 ዓ.ም. ታምሞ ስለ ሞተ የደርቡሹን ጦር የመራው ዘኪ ቱማል ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነቱ ተደረገ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን አዘንብሎ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ሠራዊቱ አዝኖ ሲመለስ ደርቡሾች ተከትለው በአትባራ ወንዝ አጠገብ አስከሬናቸውን ማረኩ፤ ራሳቸውም ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህ ሁሉ የሆነባት የኢትዮጵያ ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

እንግዲህ ከዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት አኃዝ ብትለወጥ ወይም አንድ ስም ቢሳት ምን እንደሚደርስ እንመልከት።

ስሕተት ወደ መጽሐፍ የሚገባበት መንገድ

መጽሐፍ ከደራሲው እጅ ወጥቶ አንባቢው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። በቀድሞው ዘመን ደራሲው በእጁ የጻፈውን ፊደል ለቃሚው ከሣጥን ውስጥ የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድር ነበር። አራሚው በመጀመሪያ የታተመውን ወረቀት ከጽሑፉ ጋር እያስተያየ ያርማል፤ ፊደል ለቃሚው እርማቱን ያስገባል፤ አንዱን ስሕተት ሲያወጣም አንዳንድ ጊዜ ሌላውን ያስገባል። ዛሬ በኮምፒዩተር ሲጻፍም የሰው ዓይንና ጣት መሳሳታቸው አልቀረም።

የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. በሮማ ሲሆን መጽሐፉም መዝሙረ ዳዊት ነበር። ከዚያም በ1548ና በ1549 እ.ኤ.አ. አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በዚያው በሮማ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። እኒህ ትልቅ ሰው በመጽሐፋቸው ላይ አንባቢውን ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠይቀዋል። ምክንያቱንም ሲያስረዱ አታሚዎቹ የግእዝን ቋንቋ እንደማያውቁ፥ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ደግሞ የማተምን ጥበብ እንደማያውቁ ገልጠዋል። ከ4 መቶ ዓመት በፊት የተሰጠው ይህ ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራ ነው፤ ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ማተሚያውን አያውቅም፤ ማተሚያውን የሚያውቀው ታሪኩን አያውቅም።

በሌላው ዓለምም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ1631 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ የንጉሡ አታሚዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፥ ከዐሥርቱ ትእዛዛት በአንዱ ላይ የአሉታ ቃል ስለ ወደቀ «አታመንዝር» የሚለው «አመንዝር» ሆኖ ወጣ። አታሚዎቹም 300 ፓውንድ መቀጫ ተፈረደባቸው። ንጉሥ ያዘዘው ቅዱስ መጽሐፍ እንኳ ከዚህ ካላመለጠ ሌላው መጽሐፍ ያመልጣል ብለን አንጠብቅ። በእኛ ቋንቋ አሉታው ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ስለሚጻፍ አደጋው የበለጠ ነው። «አልያዘም» ከሚለው ቃል ጥቂት ፊደል ቢወድቅ ያልተያዘው ከተማ ተያዘ ማለት ነው።

የኅትመት ስሕተት በጠቅላላው አራት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው የሚወድቅ ነው፤ ፊደል፥ ቃል ወይም መሥመር ይጐድላል። ሁለተኛው የሚለዋወጥ ነው፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ይለዋወጣሉ። ሦስተኛው የሚመሳሰል ነው፤ ፮ በ፯ እንደሚተካ ያለ ነው። አራተኛው የሚዛወር ነው፤ የአንዱ ሥዕል መግለጫ በሌላው ሥዕል ሥር ይገባል፤ ወይም የሁለት ሰዎች ታሪክ በመጽሐፉ ማውጫ ላይ በአንድ ስም ይጠቃለላል።

የዓመተ ምሕረቱ ነገር

በጣም አደገኛው ስሕተት ስሕተት የማይመስለው ነው። የመተማ ጦርነት በ2881 ዓ.ም. ሆነ ተብሎ ቢታተም ማንም ሰው ስቆ ያልፈዋል። ትክክለኛው ዓመት በእኛ 1881፥ በአውሮፓውያን 1889 ነው። ፊደል ለቃሚው ሁለቱን የመጨረሻ አኃዞች ቢያዛውር 1898 ይሆናል። በ1898 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኦምዱርማን ጦርነት የተደረገበትና የደርቡሾች መንግሥት የወደቀበት ዘመን ስለ ሆነ፥ አንባቢው «ይህስ ስለ ደርቡሾች የሚነገር ዓመት ነው» ብሎ ያምናል።

ሌላም አለ። መሐመድ አሕመድ መሐዲነቱን ያወጀው በ1881 ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁትም በ1881 ነው። ግን የፊተኛው 1881 የአውሮፓውያን፥ የኋለኛው የኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ በመካከላቸው 8 ዓመት ገደማ አለ። «እ.ኤ.አ.» የምትለው ምልክት ከአንዱ ላይ ብትወድቅ የደርቡሾች መነሣትና የንጉሠ ነገሥቱ መሞት በአንድ ዓመት የሆነ ይመስላል። በሌላ በኩል ደግሞ 1889 የሚለው «ዓ.ም.» ተብሎ ቢታተም ዐፄ ዮሐንስ ከዐድዋ ድል በኋላ ኖሩ ማለት ይሆናል፤ የዐድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ነውና። ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ባያልፉ ዐፄ ምኒልክ በዐድዋ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ባልዘመቱም ነበር። ስለዚህ አንድን ዓመት ስናነብ «ከዚህ በፊት ምን ነበረ? ከዚህ በኋላ ምን ሆነ?» ብለን እንጠይቅ። ተራው የተፋለሰ እንደ ሆነ ቁጥሩ ተሳስቷል።

ዘመን ለመለወጥ የሚረዳውን ደንብ ሁላችን በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር ወር መጨረሻ ድረስ 7 ዓመት፥ ከጃንዋሪ 1 ቀን እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ድረስ ደግሞ 8 ዓመት እንጨምራለን። ለዚህም የእኛው አገር ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ጦር በብርጋዴር ስሊም አዛዥነት ኢጣልያኖችን በጋላባትና በመተማ ላይ የወጋው በኖቬምበር 6 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ድንበር ያለፉት ደግሞ በጃንዋሪ 20 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ሁለት ዓመት ይመስላል፤ በእኛ ግን የመጀመሪያው ጥቅምት 27፥ የሁለተኛው ጥር 12 ቀን ሆኖ ሁለቱም 1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ 1940፥ ሌላው 1933 ቢል አንዱን መሰረዝ አይገባም። የመተማውን ውጊያ 1932 የሚል ካገኘን ግን መጠርጠር ይገባል፤ በ7 ፈንታ 8 የቀነሰ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ነውና።

ባሕረ ሐሳብ ምስክር ሲሆን

ዓመቱን ካወቅን ቀኑ ይቀራል። አንዳንድ መጽሐፍ የመተማን ጦርነት ማርች 9፥ ሌላው ማርች 10 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ይላል። የትኛው ነው ትክክል?

በዛሬው ዘመን መጋቢት 1 ቀን ማርች 10 ላይ ይውላል። ይህንኑ አይቶ የሚያሰላ ሰው የመተማን ጦርነት ማርች 10 ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት እንዲህ አልነበረም። አውሮፓውያን በ1900 እ.ኤ.አ. የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን በደንባቸው መሠረት ስለ ዘለሉ በእነርሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ጨመረ። ከዚያ በፊት መጋቢት 1 ቀን የሚውለው ማርች 9 ላይ ነበር። የዐድዋም ነገር እንዲሁ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የውጭ መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ የሊቃውንቶቻችን ባሕረ ሐሳብ ይበቃናል። ለ1881 ዓ.ም. እናስላው። 5500 ዓመተ ኲነኔን ከ1881 ጋር ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7381 ይሆናል። ይህን ለ4 ስንከፍል መጠነ ራብዒቱ 1845 ነው፤ 1 ይተርፋል። ትርፉ 1 ስለ ሆነ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። አሁን 7381ን ከ1845 ጋር ስንደምር 9226 ይመጣል። ለ7 ሲካፈል ያለ ትርፍ 1318 ይደርሳል። ትርፍ የሌለው ዓመት መስከረም 1 ቀን ሰኞ ይውላል። ከመስከረም 1 እስከ መጋቢት 1 ያለው 180 ቀን ነው፤ ይኸውም 25 ሳምንትና 5 ቀን ነው። ከሰኞ 5 ቀን ብንቈጥር ቅዳሜ ላይ እንደርሳለን። እንግዲህ የመተማ ጦርነት ቅዳሜ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ ያረፉትም በማግሥቱ እሑድ መጋቢት 2 ቀን ነው ማለት ነው። በአውሮፓውያንም አቈጣጠር ማርች 9 ቀን 1889 ቅዳሜ ነበር። ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ።

የዚህ ሥራ ጥቅም ይህ ነው። «ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን 1880 ዓ.ም.» የሚል ኅትመት ብናገኝ፥ ስናሰላው የዚያ ዓመት መጋቢት 1 ዓርብ ሆኖ እናገኘዋለን። «1882» ቢል ደግሞ እሑድ ይሆናል። ቅዳሜ የሚስማማው ለ1881 ብቻ ነው። ስለዚህ ዕለቱ፥ ወንጌላዊውና ዓመተ ምሕረቱ በአንድነት የተጻፉ እንደ ሆነ አንዱ የሌላው ዘበኛ ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን «በዘመነ ማቴዎስ» እያሉ የሚጽፉት ለጌጥ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ቁጥሩ ቢሳሳት የወንጌላዊው ስም ያጋልጠዋል።

የቦታና የሰው ስም

ከቁጥር ቀጥሎ የሚያሳስተው ስም ነው። በመጀመሪያ፥ የእኛን መተማ የዐረቦችና የእንግሊዞች መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ጋላባት ይሏታል። ስለዚህ በ1889 እ.ኤ.አ. የሆነው የጋላባት ጦርነትና በ1881 ዓ.ም. የሆነው የመተማ ጦርነት አንድ ጦርነት እንጂ ሁለት አይደሉም። ዛሬ ግን ጋላባት ከድንበሩ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ስትሆን መተማ ከወዲህ ያለችው የኢትዮጵያ ከተማ ናት። ድንበሩ የተወሰነው ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል ነው። ስለዚህ የ1881ን ጦርነት የሚያሳይ ካርታ የ1894ን ድንበር ቢያሳይ ካርታው የኋላውን ዘመን ወደ ፊት አምጥቷልና ማስተዋል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። በሱዳን አገር በዓባይ ወንዝ ዳር፥ ከሸንዲ ከተማ ፊት ለፊት፥ አል መተማ የምትባል ሌላ ከተማ አለች። ከእኛዋ መተማ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በጃንዋሪ 1885 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ጎርደንን ከካርቱም ለማዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር ከደርቡሾች ጋር የተዋጋው በእርሷ አቅራቢያ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. ደግሞ የደርቡሹ አዛዥ ማሕሙድ አሕመድ የጀዓሊን ነገድ ሰዎች የፈጀው በእርሷ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሁለቱ ከተሞች ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። የመጽሐፉን ማውጫ የሚያዘጋጀው ሰው አገሩን ካላወቀ ሁለቱን በአንድ መሥመር ያገባቸዋል። ያን ጊዜ ማውጫውን ብቻ የሚከተል ተማሪ የእንግሊዝ ጦር በ1885 ወደ ምዕራብ ጎንደር ቈላ ደረሰ ብሎ ሊጽፍ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በገጹ ላይ ስለ ዓባይና ስለ ሸንዲ የሚናገር ከሆነ የእነርሱ መተማ ነው፤ ስለ ጎንደር፥ ስለ ደንቢያ፥ ስለ ቋራና ስለ አትባራ የሚናገር ከሆነ የእኛ ናት።

ሦስተኛው የሰው ስም ነው። በመተማ ከወደቁት መኳንንት አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ አጎት ራስ አርአያ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅም ስም ራስ አርአያ ሥላሴ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከመተማ ጦርነት በፊት በሰኔ 1880 ዓ.ም. ታምመው ዐርፈዋል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚያጠቃልል ማውጫ የሞተውን ሰው እንደገና ያዘምታል። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ሰው በሁለት ስም ይጠራል። ራስ አዳል ተሰማና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አንድ ሰው ናቸው፤ ስማቸው የተለወጠው በነገሡ ጊዜ ነው። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ሁለቱንም ስም ብናገኝ ስሕተት አገኘን ብለን እርሳስ አናንሣ።

ልዩነት ሁሉ የኅትመት ስሕተት አይደለም

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ የሚገባኝ ነገር አለ። ስሕተት መፈለግ የለመደ ሰው ሁሉን ነገር ስሕተት አድርጎ ሊያይ ይችላል። ይህም ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ የአታሚውን ስሕተት ከደራሲው ስሕተት፥ የደራሲውን ስሕተት ደግሞ ከምስክሮች ልዩነት መለየት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ «ማሪች 9» ተብሎ ቢታተም የአታሚው ነው፤ ደራሲው «ማርች» ማለቱ ግልጽ ነው። በመጋቢት 1881 የደርቡሹን ጦር የመራው አቡ አንጃ ነው ተብሎ ሙሉ ገጽ ቢጻፍ ግን ፊደል ለቃሚውን አንወቅሰውም፤ አቡ አንጃ አስቀድሞ መሞቱን ያላስተዋለው ደራሲው ነው። የሠራዊቱ ብዛት ደግሞ በአንዱ መጽሐፍ 100 ሺህ፥ በሌላው ከዚያ በላይ ቢባል ማንኛቸውም ተሳስተዋል ለማለት አይቻልም። በዚያ ዘመን ሠራዊቱን በመዝገብ የቈጠረው የለምና ሁሉም የሚናገሩት በግምት ነው። ነገር ግን በአንድ መጽሐፍ በአንዱ ገጽ 100000፥ በሌላው ገጽ 10000 ተብሎ ቢገኝ አንዲት ዜሮ እንደ ወደቀች እንጠረጥራለን።

ልዩነትን በአታሚ ማሳበብ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ታሪካችን ራሱ ያስተምረናል። ዐፄ ዮሐንስ ባረፉ በ53ኛው ቀን፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛና ኢጣልያንኛ እንደማይስማሙ በኋላ ታወቀ። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ለመነጋገር እንዲችሉ ሲፈቅድ፥ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። አንዱ አንባቢ ይህን ልዩነት «የጽሕፈት ስሕተት ይሆናል» ብሎ አልፎት ቢሆን ኖሮ የአገር ነጻነት በአንድ ቃል በተሸጠ ነበር። የአንዲት ቃል ልዩነት እስከ ዐድዋ አድርሶናል። ስለዚህ ልዩነት ባየን ጊዜ ፈጥነን አንሰርዝ፤ ፈጥነንም አናልፍ።

ተማሪ ስሕተት ሲያገኝ ምን ያድርግ?

1ኛ፤ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ ምንም ነገር አይጻፍ። መጽሐፉ የሁሉ ነው፤ የእኛም እርማት ሊሳሳት ይችላል። በደብተር ላይ የመጽሐፉን ስም፥ የታተመበትን ዓመት፥ ስንተኛ ኅትመት እንደ ሆነ፥ ገጹንና መሥመሩን እንመዝግብ።

2ኛ፤ መጽሐፉን በራሱ እንመርምር። በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ገጽ «ማረሚያ» የሚል ዝርዝር ካለ አስቀድሞ ታርሞ ይሆናል። ከዚያም የምዕራፉን ቁጥር ከማውጫው፥ የሥዕሉን መግለጫ ከምዕራፉ ጋር እናስተያይ።

3ኛ፤ የመጀመሪያውን ኅትመት ከኋለኛው ጋር እናመሳክር። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ለምሳሌ በፓሪስ በፈረንሳይኛ ተተርጕሞ በ1930ና በ1931 እ.ኤ.አ. ሲታተም አማርኛው የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በአንዱ ቋንቋ የጨለመው በሌላው ሊበራ ይችላል።

4ኛ፤ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንፈልግ። ነገር ግን አንዱ ከሌላው የገለበጠ መጽሐፍ ሌላ ምስክር አይባልም። ከአንድ ምንጭ የተቀዱ አምስት መጻሕፍት ቢስማሙ የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

5ኛ፤ የአገሩን ሽማግሌዎች እንጠይቅ። የወንዙንና የኰረብታውን ስም ከሩቅ አገር አራሚ ይልቅ በዚያ ከብት ያገደ ሰው ያውቀዋል። የመተማን፥ የቋራንና የአርማጭሆን የቦታ ስሞች በትክክል ለመጻፍ ከእኛ የሚቀርብ የለም።

6ኛ፤ እውነቱ ሲረጋገጥ ለመምህራችን እናሳይ፤ ለደራሲው ወይም ለአሳታሚውም በትሕትና እንጻፍ። ደብዳቤው ስድብና መመጻደቅ አይኑርበት። ገጹን፥ የታተመውን ቃልና ትክክል የሚመስለንን ከነምስክሩ ብንገልጥ ይበቃል። ለሚቀጥለው ኅትመት የሚጠቅመው ይህ ነው።

ይህን ሥራ የታሪክ ክበብ ተማሪዎች በኅብረት ቢይዙት መልካም ይመስለኛል። አንዱ መዝጋቢ፥ አንዱ አስሊ፥ አንዱ ሽማግሌ ጠያቂ ሆነው ስለ አውራጃቸው የተጻፈውን በየገጹ ቢመረምሩ፥ ለሚከተሏቸው ተማሪዎች ጥሩ ደብተር ያወርሳሉ። ወላጆችም ልጆቻቸው የሰሙትን ከመጽሐፉ ጋር ሲያስተያዩ በትዕግሥት ቢመልሱላቸው ትልቅ እርዳታ ነው።

መደምደሚያ

ምናልባት አንድ ሰው «ቅዳሜም ሆነ እሑድ፥ 1880ም ሆነ 1881 ምን ለውጥ ያመጣል? የሞቱት አይነሡ» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የሞቱት አይነሡም። ነገር ግን በመተማ ሜዳ የወደቁት ከንጉሠ ነገሥቱ ጀምሮ እስከ ተራው ወታደር ድረስ፥ እንዲሁም ከማዶ ወገን የወደቁት፥ ከእኛ የሚጠብቁት ነገር ቢኖር መታሰብ ብቻ ነው። ስማቸው በሌላ ሰው ስም ከተተካ፥ ቀናቸው በሌላ ቀን ከተለወጠ፥ የሞቱበትም ቦታ ወደ ዓባይ ዳር ከተዛወረ የምናስበው እነርሱን አይደለም።

በተጨማሪም በጠረፍ ላይ ያለ አገር ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከሩቅ በሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ፥ ካርቱም፥ ለንደንና ሮማ ስለ መተማ ጽፈዋል። የጻፉትም ብዙዎቹ የተማሩና የተከበሩ ናቸው፤ ልናከብራቸውም ይገባል። ነገር ግን መጽሐፍን ማክበር ማለት ሳይመረምሩ መቀበል አይደለም። በጥንቃቄ አንብቦ፥ አስልቶ፥ ጠይቆ፥ ያገኘውንም በትሕትና የሚያቀርብ ተማሪ ለደራሲውም ለአገሩም ወዳጅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፥ ከዛሬ ጀምሮ የታሪክ መጽሐፍ ስትከፍቱ ደብተርና እርሳስ ከአጠገባችሁ አይለይ፤ ቀኑን በባሕረ ሐሳብ፥ ስሙን በሽማግሌ፥ ዓመቱን በቀደመውና በተከተለው ነገር መርምሩ። ለልጆቻችን የምናወርሰው ጽሑፍ ከተቀበልነው የጠራ ይሁን።